ጢስ ዓባይን በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ

(በመስከረም 2011 ዓ.ም አማኑኤል ከተማ ላይ በተደረገው የወጣቶች ስብሰባ የቀረበ ንግግር ነው። አዳራሹ ውስጥ ላልነበራችሁ የገጻችን ተከታዮች እንዳለ አቅርበነዋል።)



በጥያቄ ልጀምር። ጢስ ዓባይን በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ። በስልክ ያየ አላልኩም። በአሮጌው አንድ ብር ጀርባ ላይ ያየም አላልኩም፤ እሱንማ ሁላችንም በኪሳችን ይዘን አድገናል። እዚያው ቆሞ፣ ጢሱ ፊቱን እያራሰው ያየ ማለቴ ነው።

አያችሁ? የአንድ እጅ ጣት እንኳ አልሞላም። እሺ፣ ጮቄ ተራራ ላይ የወጣስ? ሁለት ሰው። ደጀን ላይ ከመኪና ወርዶ የዓባይን በረሃ ቁልቁል በደንብ ያየስ? ሾፌሩ ለሽንት ሲያቆም የወረደ አይቆጠርም።

አትሸማቀቁ፣ ላሳፍራችሁ አይደለም። እኔም እስከ አምና ድረስ እጄን ከማያወጡት ነበርኩ። ግን አንድ ነገር እንተማመን። ግማሾቻችን የፌስቡክ ፕሮፋይላችን ላይ ጢስ ዓባይን ለጥፈናል። «ዓባይ ደማችን ነው» ብለን እንጽፋለን። አንድ ሰው ስለ ጎጃም ክፉ ከተናገረ ኮሜንት ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንዋጋለን። የምንዋጋለትን አገር ግን አላየነውም። ያላየነውን አገር ነው የምንወደው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፤ አገሩን የሚያውቅ ነው ባለቤቱ። ሌላው ሁሉ ጩኸት ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከተመረቅኩ በኋላ ለፈተና አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ነው። ሥራውን አላገኘሁትም፣ እሱን ተዉት። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ አንድ ነጭ ሽማግሌ ተቀምጧል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ተሳፋሪው ሁሉ መጋረጃውን ስቦ ተኛ። ሽማግሌው ግን መስኮቱ ላይ እንደ ሕፃን ተለጥፎ ያነሳል፣ ይጽፋል፣ ያያል። ደጀንን አልፈን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ወደ አማኑኤል ስንቃረብ ከአንድ ድልድይ ላይ ሆኖ «ይህ ወንዝ ማን ይባላል?» አለኝ። ዝም አልኩ። ቀጥሎ ሌላ ወንዝ መጣ። «ይሄስ?» ዝም።

አስቡት፤ ሰውየው ስለ አገሬ የሚጠይቀኝ በአገሬ መሬት ላይ ነው። እኔ ደግሞ በጂኦግራፊ የተመረቅኩ ነኝ! ኮሎራዶ ወንዝ ግራንድ ካንየንን እንዴት እንደቆረጠው በእንግሊዝኛ ተፈትኜ ኤ አግኝቻለሁ። ከቤታችን 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ያሉትን ወንዞች ግን ስማቸውን አላውቅም።

ቤት ደርሼ ለአያቴ ነገርኳት። ፊደል አልቆጠረችም። ጥጧን እየፈተለች፣ ቀና እንኳ ሳትል ዘረዘረችልኝ፤ «ጨሞጋን ትሻገራለህ፣ ጀደብን ትሻገራለህ፣ አማኑኤል ትገባለህ። ወዲያ ወደ ደምበጫ ስትል ተምጫ አለ። ብር ደግሞ ከዚያ ወዲያ ነው። በዚያኛው በኩል ሙጋ አለ፣ ሱሃ አለ። ሁሉም ከጮቄ ናቸው፣ ሁሉም ዓባይ ይገባሉ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ይህንን አላስተማሩህም?» አለችኝ።

አላስተማሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

እስኪ ካርታውን አብረን እንየው። ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራታል። ከጣና ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ከበጌምድር ይለየናል፣ ከወሎ ይለየናል፣ ከሸዋ ይለየናል፣ ከወለጋ ይለየናል፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ይሄዳል። መካከል ላይ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ውሃውን በየአቅጣጫው ያድላል። በድሮው አጠራር ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ምዕራቡ የሱዳን ጠረፍ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በጥር 1933 ዓ.ም የገቡት በኦሜድላ ነው። ከዚያ በጎጃም አርበኞች መካከል አልፈው በመጋቢት ወር ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ በሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ተራራ ያለበት፣ ፏፏቴ ያለበት፣ ጠረፍ የነበረ አገር ነው የወረስነው። ታዲያ ይህንን አገር በደንብ ያየው ማነው?

ሌሎች ናቸው። ልዘርዝርላችሁ።

ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ በ1618 እ.አ.አ ግሽ ዓባይን አይቶ ጻፈ። ከ150 ዓመት በኋላ ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መጥቶ «አገኘሁት» አለ። የሰከላ ሰው ጠበሉን ሲጠጣ ኖሯል፣ ግን እሱ «አገኘሁት» አለ። ከዚያ ቺዝማን የሚባል ዳንግላ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል በበቅሎና በእግር የዓባይን ሸለቆ ዳር ዳሩን እየዞረ ካርታ ነደፈ፣ መጽሐፍም አወጣ።

ዘንድሮ ደግሞ አንድ ነገር ልክ 50 ዓመት ሞላው። በ1960 ዓ.ም ማብቂያና በ1961 መጀመሪያ ላይ፣ እንደ አሁኑ ዓባይ በሞላበት ወቅት፣ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በንጉሡ ፈቃድ ቡድን ይዞ መጣ። በአየር የተነፋ የጎማ ጀልባ ይዘው ዓባይን ቀዘፉት። አንድ ባልደረባቸው ሰጥሞ ሞተ። ሽፍታም ተኮሰባቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ራፍቲንግ የሚባለው ስፖርት ታሪኩ ሲተረክ ይህ ጉዞ ከመነሻዎቹ እንደ አንዱ ይጠራል። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ሰው በኔፓል፣ በዛምቢያ፣ በኮስታሪካ ከፍሎ የሚዝናናበት ስፖርት ከልጅነት ታሪኩ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው እዚህ፣ በኛው ገደል ሥር ነው።

በ1965 ዓ.ም ሪቻርድ ባንግስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ አዋሽንና ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረደ። ከዚያ ጉዞ ሶቤክ የተባለ በዓለም የታወቀ የጉዞ ድርጅት ተወለደ። በ1996 ዓ.ም ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከግሽ ዓባይ ተነስተው በ114 ቀን ሜድትራንያን ባሕር ደረሱ። ጉዞው በትልቅ ስክሪን ሲኒማ ለዓለም ታየ። አማኑኤል ላይ ያየው ሰው አለ? እኔም አላየሁትም።

አሁን ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። ከሞጣ በታች ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር መሐሉ ተሰበረ፣ ስሙም ሰባራ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሞጣ ሰውና የእንዳቤት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ወገቡን ታስሮ፣ ከወዲህ የጎጃም ጎበዝ፣ ከወዲያ የበጌምድር ጎበዝ እየጎተተው፣ ከሥሩ ዓባይ እያጓራ። ሕመምተኛ እንዲህ ተሻግሯል። ነጋዴ እንዲህ ተሻግሯል።

በ1992 ዓ.ም በዓባይ ላይ በጀልባ የወረዱ የናሽናል ጂኦግራፊክ ሰዎች ያንን ገመድ ፎቶ አነሱት። ፎቶው መጽሔት ላይ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ኬን ፍራንትዝ የተባለ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲያገላብጥ አየው። መጣ። በ1994 ዓ.ም ሰባራውን በብረት ቀጠለው። በኋላ ጎርፍ ወሰደው፣ ከዚያ ከፍ ተደርጎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሰውየው በዚያው ምክንያት ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ በብዙ ድሃ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል።

ደስ ይላል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ቆይ፣ እኛስ የት ነበርን? ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ስንቱ ኢንጂነር አልፏል? ከጎጃም ስንት ባለሥልጣን ወጥቷል? ችግሩን አንድ የማያውቀን ሰው ውቅያኖስ ማዶ ሆኖ በፎቶ አየው፤ እኛ በእግር አንድ ቀን ላይ ሆነን አላየነውም። ክፋት ስላለብን አይደለም። ስላልሄድን ነው። ሰው ያላየውን አይጠግንም።

ስለዚህ አምና ጥቅምት ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጮቄን በእግር ለመውጣት ተነሳን። ደብረ ማርቆስ ገባን፣ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርን፣ ከዚያ በእግር። በሶ በኮዳ በጥብጠን፣ ጋቢ ደርበን። ወደ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ ባህር ዛፉ ይቀንሳል። ከዚያ ገብስና ድንች ብቻ ይሆናል። ከዚያ ጅብራው ይመጣል፤ በጉም ውስጥ ሰው የቆመ ይመስላል። መሬቱ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ስትረግጡት ውሃ ያወጣል። ያ ውሃ ነው ጨሞጋ የሚሆነው። ያ ነው ጀደብ የሚሆነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከሩቅ አይተውን እርፋቸውን ለቀው መጡ። «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። በሬ የጠፋን መስሏቸዋል። «አባባ፣ ምንም አልጠፋንም፤ አገሩን ለማየት ነው የመጣን» አልናቸው። ዝም ብለው አዩን። ከዚያ «ፈረንጅ ነው እንጂ የኛ ልጅ ለማየት ብሎ ሲመጣ አላየሁም» አሉ። ቤታቸው አስገቡን፣ ትኩስ ድንች በአዋዜ አበሉን። እኔም ቀስ ብዬ ስለ እርሻው ጠየቅኳቸው፣ ምክንያቱም ማሳው ወደ ጫፉ ተጠግቷል፣ አፈሩም በየክረምቱ ይታጠባል። አልተቆጡኝም። «አምስት ልጆች አሉኝ። ወደ ታች መሬት የለም። የት ላርስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከታች ሆኜ «ጮቄ ይጠበቅ» ብዬ መጻፍ ቀላል ነበር። ከላይ ሆኜ የኚያን ሰው ድንች ከበላሁ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጮቄ የሚጠበቀው ኚያ አባት ከማረስ ሌላ የሚኖሩበት ነገር ሲኖር ነው። የሚመጣ እንግዳ ሲኖር፣ በቅሎ የሚያከራይ ልጅ ሲኖር፣ ቤቷ ቡና የምታፈላ እህት ሲኖር፣ መንገድ የሚያሳይ፣ የጅብራውንና የወፉን ስም የሚያውቅ ወጣት ሲኖር።

ይህ ሕልም አይደለም። ኡጋንዳን ተመልከቱ። ጂንጃ የምትባል ከተማ አለች፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት። የኛን ባሕር ዳር አስቡ። በ1996 እ.አ.አ ራፍቲንግ ተጀመረባት። መጀመሪያ የውጭ ሰዎች ነበሩ የሚቀዝፉት። ቀስ በቀስ የወንዙ ዳር ልጆች ዋና ተማሩ፣ የነፍስ አድን ሥራ ተማሩ፣ ጀልባ መምራት ጀመሩ። ዛሬ ፎቶ አንሺ አለ፣ ሾፌር አለ፣ አልጋ አከራይ አለ፣ መንገድ ዳር ቻፓቲ በእንቁላል የሚጠቀልል አለ። ከአንድ ወንዝ ስንት እንጀራ ወጣ!

ጂንጃ ሌላም ትምህርት አላት። ቡጃጋሊ ላይ የኤሌክትሪክ ግድብ ሲሠራ የታወቀው ፏፏቴ በውሃ ተዋጠ። ቀዛፊዎቹ ወደ ታች ወርደው መሥራት ግድ ሆነባቸው። እኛም ይህንን በራሳችን አይተናል። ጢስ ዓባይ ላይ በ1956 ዓ.ም የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ተሠራ፣ በ1993 ዓ.ም ሁለተኛውና 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ተጨመረ። ከዚያ በኋላ በበጋ የሄደ እንግዳ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆነው ገደል ላይ ክር የመሰለ ውሃ አይቶ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም ደግሞ በለስ በ460 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ፣ ውሃውንም ከጣና በሌላ በኩል ወሰደ። መብራት አያስፈልግም የሚል የለም፤ እናቶቻችን ዛሬም በኩራዝ ናቸው። ግን ለፏፏቴው ስንት ውሃ ይለቀቅ፣ በየትኛው ወር ይለቀቅ ሲባል ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ፣ ቁጥር ይዞ የሚናገር የአገሩ ልጅ መኖር አለበት። ያንን ልጅ የሚያፈራው መፈክር አይደለም፣ እውቀት ነው።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ላስጠንቅቅ፣ ከመካከላችሁ ጀብደኛ እንደማይጠፋ ስለማውቅ። የመኪና ከመነዳሪ ነፍታችሁ ዓባይ ላይ እንዳትወጡ! ዓባይ አዞ አለው፣ ጉማሬ አለው፣ በድንገት የሚገለብጥ አዙሪት አለው። በረሃው ወባ አለው። ደጀን ላይ ብርድ ለብሳችሁ ትነሳላችሁ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፣ መመለሻው ደግሞ ሽቅብ ነው። የሠለጠኑት የእንግሊዝ ወታደሮች እንኳ ሰው አጥተውበታል። ራፍቲንግ የራስ ቁር፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ የሠለጠነ መሪ፣ የነፍስ አድን ገመድ ይፈልጋል። ያ እስኪኖረን ድረስ ዓባይን ከዳር ሆነን እንየው፣ ከሸለቆው ሰዎች እንማር። እነሱ ውሃው መቼ እንደሚቆጣ፣ በየት በኩል እንደሚሻገሩት ያውቃሉ። የአገር እውቀት ማለት ያ ነው፤ ሳይጻፍ ከነሱ ጋር እንዳይቀበር።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። አምና ለእንቦጭ ጣና ድረስ የሄዳችሁ አላችሁ፤ ጭቃው ውስጥ ገብታችሁ በእጃችሁ ነቅላችሁ መጥታችኋል። ያ ልብ አለን። ስለዚህ ለጥቅምት ይህንን እናድርግ። አማኑኤል ተነስተን ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ በረቡዕ ገበያ አድርገን ጮቄ። አንድ ሌሊት እዚያ። በድጓ ጽዮን በኩል ወርደን ሞጣ፣ ሰባራ ድልድይን አይተን ተሻግረን፣ ከእንዳቤት ወንድሞቻችን ጋር ቡና ጠጥተን መመለስ። ከሞጣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር፣ መጨረሻው ጢስ ዓባይ። ውሃ ከሚፈልቅበት ተራራ ተነስተን ዓባይ ጢስ እስከሚሆንበት ስፍራ መጓዝ ማለት ነው። በጥቅምት ፏፏቴው ገና ሙሉ ነው፣ መንገዱም ደርቋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በቲሊሊ በኩል ግሽ ዓባይን፣ ደጀን ላይም የበረሃውን ድንጋይ እናያለን፤ ላዩ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች አሸዋማው፣ የሚሊዮኖች ዓመት መጽሐፍ ተገልጦ።

እያንዳንዱ ሰው ደብተር ይያዝ። የወንዙን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የሚታወቅ ሽማግሌ ካለ የነገረንን እንጻፍ። እንግሊዝኛ የምትችሉ በእንግሊዝኛም ጻፉት። ፎቶ ስታነሱ ሰውን አስፈቅዳችሁ አንሱ። የበላንበትን እንክፈል፣ ላስቲክ አንጣል። ሰባራ ድልድይ ላይ የነበረው ገመድ ከወዲህና ከወዲያ ካልተያዘ ሰው አይሻገርም ነበር፤ ስለዚህ ማዶ ያለውን ጎረቤት የሚያስቀይም ነገር ይዘን አንሂድ። ዓባይን ከኛ ጋር የሚጎትተው እሱ ነው።

ሥራ ፈት ነን፣ እውነት ነው። ዲግሪያችን ፍሬም ውስጥ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ይህ ጉዞ ነገ ደሞዝ አያመጣም፣ አልዋሻችሁም። ግን ከአሁን በኋላ አንድ እንግዳ ከድልድይ ላይ ሆኖ «ይህ ወንዝ ማን ይባላል?» ሲል መልስ የሚሰጥ የአማኑኤል ልጅ ይኖራል። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ «ልታሳየኝ ትችላለህ?» ሥራ የሚጀምረው ከዚያች ጥያቄ ነው።

አያቴን ከጮቄ ስመለስ ነገርኳት። የውሃውን መነሻ አየሁት አልኳት። ጥጧን አስቀመጠች። ስሙን ሁሉ የምታውቀው ሴት እሷ ራሷ አንድም ቀን ወጥታ አላየችውም ነበር። ከመንደሯ ወጥታ አታውቅም፣ ማን ይወስዳታል? «ምን ይመስላል?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት። ስጨርስ «እንግዲያ እኔም አየሁት» አለች።

እናንተም ቤታችሁ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አላችሁ። ሂዱና አይታችሁ ንገሩት።

ለጥቅምት የምትመጡ ስማችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። ጋቢ፣ ኮዳና ደብተር እንዳትረሱ። ለመጓጓዣ የሚያጥረው ካለ በውስጥ ይንገረን፤ በዚህ ምክንያት የሚቀር ሰው አይኖርም፣ እንደጋገፋለን።